በማጣበቂያ የተጠገነ ብስክሌት ስንት ያወጣል?

ያገለገለ ብስክሌት ሊገዛ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምረው ጎማውን፣ ፍሬኑንና ካቴናውን ነው። ጎማውን በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ ፔዳሉን ያሽከረክራል፣ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። ከዚያም ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። ሊያይ የሚገባው ግን ፍሬሙን ነው። ጎማና ካቴና ቢያረጁ ከሱቅ ተገዝተው ይተካሉ። ፍሬሙ ከተሰበረ ግን ብስክሌቱ የመለዋወጫ ክምር ሆኖ ይቀራል።

የተሰነጠቀ ፍሬም የያዘ ባለንብረት ሁሉ መጠገኛ መንገድ የሚያፈላልገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከመንገዶቹ አንዱ በሁለት ዕቃ ተለይቶ የሚሸጠውና ሲደባለቅ የሚጠነክረው ኢፖክሲ የተባለው ማጣበቂያ ነው። ለመሆኑ በማጣበቂያ የተያያዘ ፍሬም ሰው ይሸከማል? ቢሸከምስ ገዢው ስንት ሊከፍልበት ይገባል? ደላላውስ ምን ብሎ ሊያቀርበው ይችላል?

ፋብሪካውም ያጣብቃል

በሙጫ የተያያዘ ብስክሌት ሲባል ብዙ ሰው ይስቃል። ነገር ግን አሠራሩ ከፋብሪካ የወጣ ነው። የስዊዘርላንዱ ሲባ ኩባንያ ኢፖክሲን “አራልዳይት” በሚል ስም ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1946 ነበር። የፈረንሳዩ ቪቱስ ኩባንያ “979” የሚል ቁጥር የሰጠው የአሉሚኒየም ብስክሌት ደግሞ ቱቦዎቹ የተያያዙት በብየዳ ሳይሆን በማጣበቂያ ነው። አየርላንዳዊው ሾን ኬሊ በ1980ዎቹ ታላላቅ ውድድሮችን ያሸነፈው በዚሁ ኩባንያ ብስክሌት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ቱር ደ ፍራንስን ሲያሸንፍ የነዳው የካርቦን ፋይበር ብስክሌትም ቱቦዎቹ ከመጋጠሚያዎቻቸው ጋር በማጣበቂያ የተያያዙ ነበሩ።

ስለዚህ ማጣበቂያ በራሱ ደካማ ነገር አይደለም። ዕድሜ ግን አለው። ከቪቱስ አሮጌ ብስክሌቶች መካከል ከዓመታት በኋላ መጋጠሚያቸው የላላና ሲነዱ ሲጥ ሲጥ የሚሉ አሉ። እነዚህ ተነቅለው፣ ጸድተው እንደገና ይጣበቃሉ።

ሒሳቡ ይናገር

ጥያቄው ያለው ማጣበቂያው ምን ያህል ስፋት ይዟል በሚለው ላይ ነው። 28.6 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 0.9 ሚሊ ሜትር የግድግዳ ውፍረት ያለው ቱቦ እንውሰድ። ይህ በብረት ብስክሌት የተለመደ መጠን ነው። ቱቦው ለሁለት ቢቆረጥ የተቆረጠው ጠርዝ ስፋት 78 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጥሩ ኢፖክሲ በደንብ በተዘጋጀ ገጽ ላይ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ወደ 2 ኪሎ ግራም ይይዛል ብንል፣ ጠርዝ ለጠርዝ የተጣበቀው ስብራት የሚችለው 156 ኪሎ ግራም ነው። ይህም ቀጥ ብሎ ሲሳብ ነው። ብስክሌት ግን ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ቱቦው ይታጠፋል፤ ማጣበቂያውም ከአንድ ወገን እንደ ልጣጭ ይላጣል። ማጣበቂያ ደግሞ መላጥን አይችልም።

አሁን በስብራቱ ላይ ቱቦውን ጥብቅ አድርጎ የሚያቅፍ ሌላ ቱቦ እናልብሰው። ከስብራቱ በግራም በቀኝም 40 ሚሊ ሜትር ይደርብ እንበል። በእያንዳንዱ ወገን የሚጣበቀው ስፋት ወደ 3,600 ካሬ ሚሊ ሜትር ያድጋል። ከመጀመሪያው 46 እጥፍ ያህል ማለት ነው። ጭነቱ ወደ ጫፎቹ ስለሚያጋድል ጥንካሬው በዚያው ልክ 46 እጥፍ አይሆንም። ቢሆንም ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ማጣበቂያው ያው ነው፣ ብስክሌቱም ያው ነው። የተለወጠው አሠራሩ ብቻ ነው።

ለየትኛው ፍሬም ያዋጣል?

ለከባዱ የብረት ብስክሌት ማጣበቂያ አያስፈልግም። በባሕር ዳርም ሆነ በሐዋሳ የብረት ፍሬም የሚበይድ ሰው አይጠፋም፤ ብየዳውም ርካሽና አስተማማኝ ነው።

አሉሚኒየም ላይ ነገሩ ይለወጣል። አርጎን ብየዳ ያስፈልጋል። ለብስክሌት የሚውለው አሉሚኒየም በፋብሪካ በሙቀት የጠነከረ በመሆኑ የተበየደበት አካባቢ ከጥንካሬው ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። ማጣበቂያ ይህን ጉዳት አያደርስም። ካርቦን ፋይበር ከሆነ ደግሞ ብየዳ የሚባል ነገር የለም። ያለው መንገድ የተጎዳውን ክፍል ፍቆ የካርቦን ጨርቅ በኢፖክሲ እያረሰረሱ መደራረብ ብቻ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ድርድር የለም። የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካና ከመሪው ጋር የሚያገናኘው አንገት ከተሰነጠቁ ይጣላሉ እንጂ በማጣበቂያ አይጠገኑም። ያ ክፍል ሲለቅ ነጂው በፊቱ ነው የሚወድቀው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች

ጥገናው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ከመጣበቁ በፊት ነው። ቀለሙ እስከ ብረቱ ድረስ ካልተነሳ ማጣበቂያው የሚይዘው ቀለሙን ነው፤ ቀለሙ ሲላቀቅ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ገጹ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል፣ በአሴቶን ይጠረጋል፣ ከዚያ በኋላ በጣት አይነካም። አሉሚኒየም ወዲያው ስስ ሽፋን ስለሚያበጅ ከተፋቀ በኋላ ሳይዘገይ መጣበቅ አለበት። ሁለቱ ፈሳሾች አምራቹ ባዘዘው ልክ ይደባለቃሉ። ማጠንከሪያ ማብዛት አያፈጥነውም፣ ያደክመዋል እንጂ። ባለሙያው ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ሊያደርግ ይገባል።

በአምስት ደቂቃ የሚጠነክረው ዓይነት ለችኩል ሰው ይመቻል፤ ለፍሬም የሚመረጠው ግን ለመጠንከር አንድ ቀን ሙሉ የሚፈልገው ነው። ብርድ ሲሆን ጊዜው ይረዝማል። በተራ የአየር ሙቀት የጠነከረ ኢፖክሲ ደግሞ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ መለስለስ ሊጀምር ይችላል። በቆላ ከተማ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚቆም ጥቁር ብስክሌት እዚህ ሙቀት ላይ ሊደርስ እንደሚችል ነጋዴው አይዘንጋ። ማጣበቂያ የሚያስመጣና የሚያከፋፍል ነጋዴም በዕቃው ላይ የተጻፈውን የሙቀት ልክና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ሳያይ አይግዛ።

ገዢው ምን ይመርምር?

የመኪና ባትላሜራ ስቱኮ የሚደብቀውን ያህል የብስክሌት ቀለምም ይደብቃል። ከሌላው ክፍል ይልቅ አዲስ ቀለም የተቀባ አንድ ቱቦ ካለ ምክንያቱ ይጠየቅ። ብረት ከሆነ ማግኔት ይሞከር፤ ስቱኮ ባለበት ማግኔቱ ይላላል። ካርቦን ከሆነ በሳንቲም ይንኳኳ፤ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተላቀቀው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። በቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ከታየ ስንጥቁ እየተመለሰ ሊሆን ይችላል። ብስክሌቱ ተቀምጠውበት ሲነዳ ከፍሬሙ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ዋጋ ከመነጋገር በፊት መውረድ ይሻላል።

መደበቅ ማንን ይጎዳል?

አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ የአሮጌ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ ያስረዳው ነገር እዚህም ይሠራል። በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋራባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። ለምሳሌ ያህል ደህናው ብስክሌት 20 ሺሕ ብር፣ ፍሬሙ የማይረባው ደግሞ ለመለዋወጫ ብቻ 8 ሺሕ ብር ያወጣል እንበል። ገዢው ከተደረደሩት ግማሾቹ ስንጥቃቸው የተደበቀ ነው ብሎ ከጠረጠረና መለየት ካልቻለ፣ ለማንኛውም ብስክሌት ከ14 ሺሕ ብር በላይ አይከፍልም። በዚህ ዋጋ የደህናው ባለቤት ብስክሌቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የደበቀው ግን ደስ ብሎት ይሸጣል። ቀስ በቀስ ገበያው ላይ የሚቀረው የተደበቀው ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ደላላውም ኮሚሽን የሚያገኝበት ደህና ዕቃ አያገኝም።

መውጫው ጥገናውን ማሳየት ነው። ጠጋኙ ከመጣበቁ በፊት ስንጥቁን፣ የተፋቀውን ገጽና የለበሰውን ቱቦ ፎቶግራፍ ቢያነሳ፣ የተጠቀመበትን ማጣበቂያና ቀኑን በወረቀት ቢጽፍ ወጪው ኢምንት ነው። ደላላው ይህን ወረቀት ይዞ “ተጠግኗል፣ አጠጋገኑም ይኸውና” ቢል፣ ገዢው ከ20 ሺሕ ብሩ የሚቀንሰው ለሚያውቀው ጉድለት እንጂ ለጥርጣሬ አይሆንም። በደንብ ተደርቦ የተጠገነ የአሉሚኒየም ወይም የካርቦን ፍሬም በደህናውና በመለዋወጫው ዋጋ መካከል፣ ወደ ላይኛው ቀረብ ብሎ ሊሸጥ ይችላል። ጠርዝ ለጠርዝ ተጣብቆ ቀለም የተቀባው ግን ዋጋው 8 ሺሕ ብር ነው፤ የተሸጠው በ18 ሺሕ ብር ቢሆንም እንኳ። የ10 ሺሕ ብሩን ልዩነት በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ገዢው ይከፍለዋል፤ ምናልባትም ከጥርሱ ጋር። በማግስቱ ደግሞ ተጠያቂ ሆኖ የሚፈለገው ደላላው ነው።