መጠገን፣ ማደስ፣ መቃኘት
የኤሌክትሪክ ጊታር እድሳት ግሦች ከአገር ሙያ አንጻር

የኤሌክትሪክ ጊታርን እድሳትና የቀለም ቅብ የሚያስረዱ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ ተርጓሚውን ይበልጥ የሚፈትኑት የዕቃው ስሞች ሳይሆኑ የሥራው ግሦች ናቸው። ስም ቢታጣ መዋስ ይቻላል፤ ግሡ ከተሳሳተ ግን መመሪያውን ተከትሎ የሚሠራው ሰው እንጨቱን ያበላሻል። ስለዚህ ግሦቹ አስቀድመው ከአገር ሙያ ሊፈለጉ ይገባል።

ለምሳሌ በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አዝማሪ በሠርግና በበዓል የሚጫወትበትን ማሲንቆ እንውሰድ። ቆዳው ሲቀደድ ሌላ ቆዳ በእርጥቡ ይወጠራል፤ ሲደርቅም ይጠብቃል። የፈረስ ጭራው ሲሳሳ ይለወጣል፤ ጭራውና ደጋኑ በሙጫ ወይም በዕጣን ይታሻሉ፤ በመጨረሻም አውታሩ ይቃኛል። እያንዳንዱ ተግባር የራሱ ግሥ አለው፤ አንዱ በሌላው አይተካም።

በጊታሩም የሚከተሉት ልዩነቶች ሊጠበቁ ይገባል።

ሀ) መጠገንና ማደስ። የተበጠሰ ሽቦ ይጠገናል፤ ያረጀ ቅብ ተነሥቶ በዐዲስ ሲተካ ግን ጊታሩ ይታደሳል።

ለ) መፋቅና መፈግፈግ። መፋቅ ቆዳ ፋቂ በስለት የሚሠራው ነው። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ጀምሮ ወደ ልሙጡ እያለፉ ማለስለስ ግን መፈግፈግ ነው። «ፋቅ» ተብሎ ከተጻፈ አንባቢው ቢላዋ ያነሣል።

ሐ) መቀባት፣ መርጨትና መወልወል። የፌንደር ፋብሪካ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለጊታሮቹ የአውቶሞቢል ቀለም መጠቀሙ ይታወቃል። ስለዚህ የዚህ ክፍል ቃላት ከጋራዥ ቀለም ቀቢዎች ቢወሰዱ ይስማማል፤ ስቱኮ ይሞላል፣ መነሻ ቅብ ይቀባል፣ ቀለም በስሱ እየተደራረበ ይረጫል፣ ከደረቀ በኋላ ይወለወላል።

መ) መወጠርና መቃኘት። ክሩ አስቀድሞ ይወጠራል፤ ከዚያ ይቃኛል። መወጠር ኀይልን፣ መቃኘት ድምፅን ይመለከታል።

ስሞቹን በሚመለከት ሁለት ምሳሌ ይበቃል። «ፒክአፕ» በዕለታዊ አማርኛ የጭነት መኪና ነው። በጊታር ላይ ግን በማግኔት ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሲሆን፣ የብረት ክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ስለዚህ «ማንሻ» ከማለት «ንዝረት ተቀባይ» ማለት ተግባሩን ይገልጻል። «ፍሬት» ግን በማሲንቆም በክራርም አቻ ስለሌለው እንዳለ ቢወሰድ ይሻላል።

ይህ ልዩነት ለሥራውም ይጠቅማል። በማሲንቆ ድምፁን የሚያጎላው ቆዳው ስለ ሆነ በላዩ የሚቀባ ነገር ሁሉ ድምፁን ይነካል። በኤሌክትሪክ ጊታር ግን ድምፁ በዋናነት ከንዝረት ተቀባዩ ስለሚመጣ ባለቤቱ የወደደውን ቀለም ሊመርጥ ይችላል።

የአገር ቃል ዐዲስ ዕቃን ይሸከማል ወይ? ለሚል ጠያቂ ክራር መልስ ይሰጣል። ክሩ ከጅማት ወደ ናይለን፣ በኤሌክትሪክ ክራርም ወደ ብረት ተለውጧል፤ «ክር»፣ «መቃኛ» እና «ቅኝት» ግን በቦታቸው ናቸው። ቃላቱ የሰየሙት ጥሬ ዕቃውን ሳይሆን ተግባሩን ነውና።

እንግዲህ የሙያ ቃል የሚሰበስቡ ሰዎች ከስሙ ይልቅ ግሡን ያስቀድሙ፤ ግሡንም ከነተሳቢውና ከነመሣሪያው ይመዝግቡ። «ፈገፈገ» ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ ምንን፣ በምን የሚለው ካልተጨመረ መዝገቡ ለተርጓሚ አይረዳም። ሙያተኛው ባለፈ ጊዜ ግሡ አብሮት ያልፋል።