በረመዳን ከክበብ የቀረች ልጅ ከዒድ በኋላ ትመለሳለች?



ረመዳን ሲገባ የቤት ሰዓት ሁሉ ይቀየራል። እናት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ተነሥታ ሱሁር ታሰናዳለች። አባት ከሥራ የሚወጣበትን ሰዓት ከመግሪብ ጋር ለማገናኘት ይሯሯጣል። ካፈጠሩ በኋላ ደግሞ ለተራዊህ መውጣት አለ። በዚህ ሁሉ መካከል ብዙም ሳይታወቅ የሚቀር አንድ ነገር አለ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጆቻችን የክበብ ተሳትፎ። «ጾም ነው፤ ትምህርትሽን ጨርሰሽ ቶሎ ነይ» ይባላል። ልጅም «እሺ» ትላለች። አንድ ወር አጭር ይመስላል። ክበቡ ግን ወር ሙሉ ቆሞ አይጠብቃትም፤ የምታነበውን ዜና ሌላ ተማሪ ያነበዋል፣ በድራማው የያዘችው ቦታ ለሌላ ይሰጣል። ዒድ አልፎ ስትመለስ ቦታዋ ተይዟል።

ክበብ ለምን ይጠቅማል?

ትምህርት ቤት ውስጥ ሚኒ ሚዲያ የማያውቅ ተማሪ የለም። ጠዋት በሰልፍ ሰዓት ወይም በእረፍት በድምፅ ማጉያ ዜና፣ ማስታወቂያ፣ ግጥምና ጥያቄና መልስ ያቀርባል። የሥነ ጽሑፍ ክበብ የተማሪዎችን ጽሑፍ መርጦ በሰሌዳ ላይ ይለጥፋል፤ አቅም ያለው ትምህርት ቤት በዓመት አንድ ጊዜ መጽሔት ያሳትማል። የቀይ መስቀል ክበብ የመጀመሪያ ዕርዳታ ያስተምራል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ራሱ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ነው። የአካባቢ ጥበቃ፣ የሒሳብ፣ የሥነ ምግባር፣ የልጃገረዶች ክበብም አለ። የዓመቱ ሥራ በወላጆች ቀን በመድረክ ይታያል።

እነዚህ ሥራዎች በፈተና ውጤት አይመዘኑም። ነገር ግን ልጅ በሰው ፊት ቆሞ መናገርን፣ የተሰጠውን ሥራ በሰዓቱ ማድረስን፣ ከማይመስለው ጋር ተግባብቶ መሥራትን የሚለማመደው እዚህ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የመጀመሪያ ተውኔቱን የጻፈው ገና በአምቦ ተማሪ ሳለ እንደነበር በታሪኩ ይነገራል። ሁሉም ልጅ ጸጋዬን አይሆንም፤ ሆኖም በክፍል ውስጥ እጇን ለማውጣት የምታፍር ልጅ ከሁለት ወር የሚኒ ሚዲያ ልምምድ በኋላ ስትለወጥ ያየ ወላጅ ነገሩን ያውቀዋል።

ረመዳንና የትምህርት ዘመኑ

የዛሬ ወላጆች ልጅ ወይም ወጣት በነበሩበት ዘመን ረመዳን ከትምህርት ጋር ያልተጋጨባቸው ዓመታት ነበሩ። ከ2002 እስከ 2006 ዓ.ም. ጾሙ በአብዛኛው የዋለው በክረምት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት ነበር። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ ወደ ፊት ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 2፣ በ2017 ዓ.ም. የካቲት 22፣ በ2018 ዓ.ም. የካቲት 11 ገባ። ይህ ጊዜ የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት እምብርት ነው፤ ክበቦች ለወላጆች ቀን የሚዘጋጁበት፣ በክረምት የተተከለው ችግኝ በበጋው ፀሐይ ውኃ የሚሻበት ጊዜ ነው። ጾሙ ተመልሶ ወደ ክረምት እስኪገባ ገና ብዙ ዓመታት ይቀራሉ። ዛሬ 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ አራቱንም ረመዳኖች በትምህርት ላይ ይጾማል ማለት ነው። በየዓመቱ ለአንድ ወር ከክበቡ ቢቀር በአራት ዓመት አራት ወር ይሆናል።

የኢፍጣር ማዕድና የሴት ልጅ ድርሻ

እዚህ ላይ ስለ ሴት ልጆቻችን ለይተን እንናገር። ወንዱም ሴቷም ይጾማሉ፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ግን ወንዱ ጋደም ሲል ሴቷ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሾርባው፣ የሳምቡሳው ምስር፣ ሊጡን መዳመጥ፣ መጠቅለል፣ መጥበስ፣ ከኢፍጣር በኋላም ዕቃ ማጠብ አለ። «ቶሎ ነይ» የሚለው ትእዛዝ ከጾሙ ይልቅ ከኩሽናው የመጣ ይሆናል። ልጅ እናቷን ማገዟ መልካም ነው፤ ነውሩ ድካሙ ሁሉ በአንድ ትከሻ ላይ ሲወድቅ ነው።

ሰዓቱን እንቁጠር። ትምህርት በ9 ሰዓት ተኩል ቢያልቅ፣ ክበቡም አንድ ሰዓት ቢወስድ 10 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በዚህ ወቅት አዲስ አበባ ላይ መግሪብ የሚደርሰው ከ12 ሰዓት ተኩል አለፍ ብሎ ነው። መንገዱን ብንቀንስ እንኳ ለማዕዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይተርፋል። ምስሩን ማታ ከተራዊህ በኋላ ቀቅሎ ማሳደር፣ ሳምቡሳውን ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቡ በሙሉ ተቀምጦ መጠቅለል ይቻላል። ክበቡ በሚሰበሰብበት ቀን ደግሞ ማዕዱ በቴምር፣ በሾርባና በዳቦ ቢያልፍ የማንም ጾም አይጎድልም። ወንድሟም ቢላዋ መያዝ ይችላል።

ከመምህሩ ጋር መነጋገር

ክበቡም ከጾመኛው ጋር መስማማት አለበት። ይህ ከባድ ልመና አይደለም። ዜና አንባቢዋ ጉሮሮዋ ሳይደርቅ በጠዋቱ ፕሮግራም ልታነብ፣ ከሰዓት በኋላ ግን ጽሑፍ ልታርም ትችላለች። የስፖርት ክበብ አባል ለአንድ ወር ሩጫውን ቀንሶ ዳኝነትና የውጤት መዝገብ ሊይዝ ይችላል። በአካባቢ ጥበቃ ክበብ ውኃ የማጠጣቱ ተራ በጠዋት ቢሆን ለጾመኛውም ለችግኙም ይስማማል። በፈረቃ የሚማሩ ልጆች ደግሞ ሌላ ሰዓት ሊመቻቸው ይችላል። መምህሩ ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ሲያውቅ ነው። ተማሪው ዝም ብሎ ሲቀር መምህሩ ፍላጎት የጠፋ ይመስለዋል። ስለዚህ ወላጅ ወይም ልጁ ራሱ ለክበቡ ተጠሪ መምህር አስቀድሞ ቢነግር ይበጃል።

እዚህ ላይ አንድ ወሰን እንዳለ መታወስ አለበት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ የደዕዋ መድረክ እንዲሆን መጠየቅ አይገባም፤ የማንም ሃይማኖት መድረክ አይሆንምና። የስብሰባ ሰዓት እንዲመቻች መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ የተማሪ ጉዳይ ነው።

ደግሞም የሚጾሙት የእኛ ልጆች ብቻ አይደሉም። በ2016 ዓ.ም. ረመዳንና የኦርቶዶክሳውያኑ ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን ጀመሩ፤ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ በሁለት ቀን ልዩነት ገቡ። በአንድ ክበብ ውስጥ እስከ መግሪብ የሚጾም ልጅና ሥጋና ወተት የማይበላ ጓደኛው አብረው ተቀምጠው ጽሑፍ ያርማሉ። ሁለቱም ረሃብን ያውቃሉ። ስለ ክበቡ ሰዓት ቢነጋገሩ የሚግባቡት ቀድመው ነው። ልጆቻችንን በዚህ ወር ከክበቡ ብናወጣቸው ይህም ይቀርባቸዋል።

እርግጥ ነው፣ የሚደክም ልጅ ይኖራል። ከተራዊህ ተመልሶ፣ የቤት ሥራ ሠርቶ፣ ለሱሁር የሚነሣ ልጅ እንቅልፉ ያጥራል። ያን ጊዜ መቅነስ ያለበት የስልኩና የቴሌቪዥኑ ሰዓት ነው፤ ያም ካልበቃ በሁለት ክበብ ያለው በአንዱ ይወሰን፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሚሄደው አንድ ቀን ይሂድ። የታመመ ወይም አቅም ያጣ ልጅም ይረፍ። መቀነስና ማቋረጥ ግን አንድ አይደሉም፤ የቀነሰ አባል ስሙ በመዝገቡ ላይ ይቆያል፣ ያቋረጠው ግን ይሰረዛል።

ስለዚህ ወላጆች፣ ዛሬ ስታፈጥሩ ልጆቻችሁን በየትኛው ክበብ እንዳሉ፣ በየትኛው ቀን እንደሚሰበሰቡ ጠይቋቸው። ያን ቀን በቤታችሁ የሥራ ድልድል ላይ ያዙላቸው። ያ ቀን የሴት ልጃችሁ ከሆነ ደግሞ ሳምቡሳውን ማን እንደሚጠብስ አብራችሁ ወስኑ።

ረመዳን ሙባረክ!