ክረምቱ ቤት ያዋላቸው ልጆች

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ የአዲስ አበባ ወላጆች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «ልጆቹን ምን አደረጋችኋቸው?» ይባባላሉ። ለሰሚው ስለ ዕቃ የሚወራ ሊመስለው ይችላል፤ ጠያቂውም ተጠያቂውም ግን ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። በሌላው ዓለም ብዙ ልጆች ረጅሙን እረፍት የሚወጡት ፀሐይ በሚሞቅበት ወራት ነው። የኛዎቹ የሚወጡት ሰማዩ ሲዘጋ ነው። ሐምሌና ነሐሴ በከተማችን ዝናብ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው፤ ግቢ ላለው ግቢው ጭቃ ይሆናል፣ ኮንዶሚኒየም ለሚኖረው ደግሞ መሮጫው ኮሪደርና ደረጃ ብቻ ነው።

የክረምት ትምህርት፣ የሥዕልና የሙዚቃ ሥልጠና የሚሰጡ ቦታዎች መኖራቸው አይካድም። ግን የሁሉም ኪስ አይችላቸውም፤ ዳይፐር ላልፈታች ሕፃንም አይሆኑም። ስለዚህ የብዙው ቤት መልስ ያው የለመድነው ነው፤ አያት ትመጣለች።

እኛም አንድ የነሐሴ ማክሰኞ ጀሞ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከአንዲት አያት ጋር ውለናል። ቤተሰቡ ስሙ እንዲጠቀስ አልፈለገም። አባት ባንክ፣ እናት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራሉ፤ ሁለቱም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከቤት ይወጣሉ። የቤት ሠራተኛዋ በሰኔ ወደ አገሯ ሄዳ አልተመለሰችም። የ66 ዓመቷ አያት ከደብረ ብርሃን የመጡት ሐምሌ መባቻ ላይ ነው። ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ ትልቋ 7 ዓመቷ፣ ወንዱ 4፣ ትንሿ 1 ዓመት ከ8 ወር።

የእማማ ቀን የጀመረው እኛ ከመድረሳችን በፊት ነበር። ውሃ በፈረቃ የሚመጣው ሌሊት በመሆኑ 9 ሰዓት ላይ ተነሥተው በርሜሉንና ጀሪካኑን ሞልተዋል። እኛ ስንገባ የታጠበው ልብስ ሳሎን ውስጥ በወንበርና በበር ላይ ተሰጥቶ ነበር። ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ገና አልደረቀም። ትንሿ ታለቅሳለች፣ ወንዱ አንድ ጫማ ብቻ አድርጎ «ውጪ እንውጣ» ይላል፣ ትልቋ ደግሞ የፍልሰታ ጾም ይዣለሁ ብላ ቁርስ አልበላም ብላለች። (ጾሙ እስከ 5 ሰዓት ተኩል ቆይቶ በዳቦና በሻይ ተፈታ፤ እማማም አልተቆጡም።)

እማማ ምን እንደሚያደርጉ ለማየት ጓጉተን ነበር። ያደረጉት ቀላል ነገር ነው፤ ለእያንዳንዳቸው ሥራ ሰጡ። ለትልቋ ሰፌድ ላይ ምስር ዘርግተው «ጠጠር ያገኘሽ እንደሆነ ለየብቻ አስቀምጪልኝ፣ በኋላ እንቆጥረዋለን» አሏት። ወንዱ በጎድጓዳ ሳህን ውሃ ቀርቦለት የራሱን ካልሲዎች እንዲያጥብ ታዘዘ። ትንሿ ሁለት የድስት ክዳንና አንድ የእንጨት ማማሰያ ደረሳት፤ ጩኸቱን አትጠይቁን።

«ሥራ ያልሰጠሁት ልጅ ሥራ ይሰጠኛል» አሉን እየሳቁ።

በየቤታችን የለመድነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ልጅ ወደ ወጥ ቤት ብቅ ሲል «ሂድ ተጫወት» እንለዋለን፤ ሄዶም የሶፋውን ስፖንጅ ያወጣል። እውነት ነው፣ ልጅ የገባበት ሥራ ይጓተታል። እማማ በ10 ደቂቃ የሚጨርሱት ለቀማ ያን ቀን ከግማሽ ሰዓት በላይ ወስዷል፣ ወለሉም ረጥቧል። ነገር ግን በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ማንም አላለቀሰም፣ ማንም አልተደባደበም፣ ትልቋም 23 ጠጠር ቆጥራ 20 ካለፈ በኋላ ያለውን ቁጥር ሳታስበው ለወንድሟ አስተምራለች።

ቴሌቪዥኑ እስከ 5 ሰዓት ድረስ አልተከፈተም። ከዚያ እማማ ራሳቸው ከፈቱት። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው ድስቱን አሳዩን። «አሁን የፈላ ውሃ ላወርድ ነው። ይቺ እግሬ ሥር ስትንከላወስ አላወርድም።» ልጆቹ ቁጭ አሉ፣ ድስቱ ወረደ፣ ሽሮው ተሠራ። 40 ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላም ተዘጋ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ፣ 2 ዓመት ላልሞላቸው ደግሞ ጭራሽ ባይከፈትላቸው እንደሚሻል ይመክራል። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች በጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ የፈላ ድስት ይዘው፣ እግራቸው ሥር ሕፃን እየዳኸ ያውቁ እንደሆነ እንጃ። ያም ሆኖ ቁጥሩን ማወቅ ይጠቅማል፤ ያቺን አንድ ሰዓት ለጠዋቱ መሰላቸት ሳይሆን እጃችሁ በእሳት ለሚያዝበት ደቂቃ ማቆየት ይቻላል።

ከምሳ በኋላ አንዲት ጎረቤት ትኩስ ቆሎ ከኦቾሎኒ ጋር ቀላቅላ በሳህን አመጣች። ክረምት ነውና ያለ ቆሎ አይሆንም። እማማ አመስግነው ተቀበሉና ሳህኑን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወጡት። ልክ ናቸው። ኦቾሎኒ፣ ሽምብራና የበቆሎ ፍሬ ለትንሽ ልጅ ጉሮሮ እጅግ አደገኛ ናቸው፤ መንጋጋው በቅጡ ስላልወጣ አድቅቆ አያኝክም፣ እየሮጠና እየሳቀም ይበላል። ልጁ ታንቆ በኃይል እያሳለ ከሆነ ይሳል፤ ሳሉ ራሱ ያወጣዋል። ድምፅ ማውጣት ካቃተው ግን ወደ ፊት አጎንብሶ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ ግርጌ 5 ጊዜ ጠንከር አድርጎ መምታት ነው። ካልወጣና ልጁ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ ከኋላው አቅፎ፣ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ መጫን፣ ከዚያ እየተፈራረቁ መድገም። የማይታየውን ነገር በጣት ለማውጣት መሞከር የበለጠ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ወዲያው እርዳታ ይጠራ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

የቁም ሳጥኑን አናት ካነሣን አይቀር፣ ሌሎች ነገሮችም እዚያ ቢወጡ መልካም ነው። ላምባና በረኪና በውሃ ፕላስቲክ የሚቀመጥበት ቤት ብዙ ነው፤ ልጅ ደግሞ ፕላስቲኩን የሚያውቀው ውሃ ሲጠጣበት ነው። የጠጣ ልጅ እንዲያስመልስ መደረግ የለበትም፤ ከነፕላስቲኩ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። የአያቶችን መድኃኒትም አንርሳ። የደም ግፊት ክኒን በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ወይም በቦርሳ ውስጥ ወለል ላይ ሲቀመጥ አይተናል። ለልጅ ዓይን ከረሜላ ነው።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ከሰዓት በኋላው ጨለማ ነበር፣ ዝናቡም ወደ በረንዳው በንፋስ እየተገፋ ይገባል። እማማ ጾማቸውን 9 ሰዓት ላይ ፈተው ቡና ሊያፈሉ ከሰል አያይዘው ነበር፤ ጎረቤታቸው ልትረዳቸው መጣች።

«እማማ፣ ፍሙ እኮ ፈክቷል፣ ጭስ የለውም። ላስገባልዎት?»

«አይ ልጄ፣ እዚያው በረንዳው ላይ ይሁን። ቡናው ቢዘገይ ምን ይሆናል?»

«ልጆቹን ብርድ እንዳይመታቸው ብዬ ነው።»

«ብርዱን ጋቢ ይመልሰዋል።»

ጎረቤቷ ያለችውን ብዙዎቻችን እናምነዋለን፤ ከሰል ከፈካና ጭሱ ካለቀ ጉዳት የለውም እንላለን። እንደዚያ አይደለም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሲሆን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ቀይ ሆኖ የፈካ ፍምም ያወጣዋል። በርና መስኮት በብርድ ምክንያት በተዘጋበት ክፍል ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። ሕፃናት ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ከአዋቂ ቀድመው ይመረዛሉ። ምልክቱም ያታልላል፤ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስመለስ፣ ድካምና እንቅልፍ ስለሆነ «ልጁን ምግብ አልተስማማውም» ወይም «ደክሞት ተኛ» ይባላል። በአንድ ቤት ያሉ ሁለትና ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ሲያማቸው ከሰሉን መጠርጠር፣ ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ከዚያም ወደ ሐኪም መሄድ ነው። እማማ ይህን የተማሩት ከጽሑፍ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት ከሰል አስገብተው የተኙ ጎረቤቶቻቸውን ጠዋት በር ሰብረው ሲያወጧቸው ቆመው አይተዋል። ከአራቱ የተረፉት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ጋቢው ወጣ። ሦስቱም ልጆች ከሥሩ ገቡና እንቆቅልሽ ተጀመረ። ትልቋ «እንቆቅልህ» አለች፤ ወንድሟ «ምን አውቅልሽ» አለ።

«ሲሄድ ሁሉም ዝም ይላል፣ ሲመጣ ሁሉም ይጮኻል።»

«አባዬ!» አለ የ4 ዓመቱ ሳያመነታ።

ሳቁ ሲበርድ አገር እንዲሰጣት ተጠየቀ። ጀሞን ሰጣት፤ ጭቃ ነው ብላ አልቀበልም አለች። ደብረ ብርሃንን ሲሰጣት ተቀብላ መልሱ መብራት መሆኑን ነገረችው። ቀጥሎ ገበጣ መጣ። ከ30 እንቁላል መያዣ ካርቶን ሁለት ረድፍ፣ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ተቆርጦ ነው የተሠራው። ጠጠሩ የጋዜጣ ወረቀት ድብልብል ነበር፤ ባቄላ ቢሆን ትንሿ ትውጠዋለች። ገበጣ ለልጅ መደመርና መቀነስ፣ ተራ መጠበቅና መሸነፍ በአንድ ላይ የሚገኝበት ጨዋታ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ዓይነቶቹን በሰፊው ዘርዝረው ጽፈዋል፤ ስለዚህ የእናንተ እናት የምታውቀው አጨዋወት ከጎረቤታችሁ ቢለይ አትጨቃጨቁ።

እናት ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አልፎ ገባች፤ ታክሲ አጥታ፣ ጫማዋ በስብሶ። ልጆቹ ተንጋግተው ወጡባት። «እማዬ፣ ደከመሽ?» ብላ ጠየቀች። «ምን ይደክመኛል» ተባለች። በዚህ አገር ይህን መልስ ከአያቱ ያልሰማ የለም፤ መልስ ነው ለማለት ግን ይከብዳል። እማማ የጠዋቱን የግፊት ክኒናቸውን ያን ቀን አልወሰዱም ነበር፤ ጊዜ አላገኙም። ለመነሣት ጉልበታቸውን በእጃቸው ሲደግፉ ቆጥረን ሳይሆን ባጋጣሚ ያየነው ብቻ ብዙ ነው። ልጅ ማሳደግን የሚያውቁበት መሆኑ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻቸውን ይቻሉት ማለት አይሆንም። ቀኑን ሙሉ ከልጆቹ ፊት ዞር ሲሉ ያየናቸው ውሃ ሊቀዱ ሲሄዱ ብቻ ነው።

ማታ አባት ሲመጣ በመብራት እጦት ውስጥ በሻማ ወሬው ይኸው ሆነ። ጉዳዩን ያነሣነው እኛ እንሆን ይሆናል፤ ጣልቃ ገብነት ካሉት ይባልልን። አማቱን «እርስዎ ካልተናገሩ እኛ በምን እናውቃለን?» አላቸው። እሳቸው ዝም አሉ። በመጨረሻ የተስማሙበት ብዙ አይደለም። ጠዋት ክኒኑን አባት ራሱ ከቁርስ ጋር ሰጥቷቸው ይወጣል። ሌሊት ውሃ መቅዳቱም የእሱ ሆነ። በዚያው ፎቅ ላይ ልጆች ያሏቸው ሦስት ቤቶች ስላሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ልጆቹን በየተራ አንድ ቤት ለማዋል ከጎረቤቶቹ ጋር ይነጋገራሉ። ቅዳሜ ደግሞ ሙሉ ቀን የእማማ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ስንደውል ትልቋ ልጅ ስልኩን አነሣች። እማማ የሉም፤ ጃንጥላ ይዘው ኮተቤ እኅታቸው ጋ ሄደዋል። አባቷ ምስር እያስለቀማት መሆኑንና ጠጠር ማየት እንደማይችልበት ነገረችን።