የሲኞሩ ጋራዥ
ክፍል አራት፦ ከወለሉ ሥር

(ካለፈው ሳምንት የቀጠለ)

«እሳቱን ዝጊው! ቶሎ በይ!»

የጋሼ ድምፅ ከብረቱ ሆድ ውስጥ ነው የወጣው። የጋዙን ቁልፍ ጠምዝዤ ነበልባሉን አጠፋሁ። ባለፈው ሳምንት ያቆምኩላችሁ እዚህ ላይ ነበር፤ ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር ያለውን የወለል ላሜራ የያዘው የዛገ ብሎን አልፈታ ብሎን በእሳት ስናግለው፣ ከላሜራው በታች አንድ ከባድ ነገር ተንከባለለ።

በአሮጌ የጦር ተሽከርካሪ ውስጥ የሚንከባለል ነገር አይናቅም። ጥይት ስለዛገ ባሩዱ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ሙቀት ካገኘ ዛሬም ሊፈነዳ ይችላል። ጋሼ ሶማሌ ተራ ውስጥ መኪና እየፈቱና እየገጠሙ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ችኮላ አያውቁም። ከጠባቡ በር ቀስ ብለው ወጡና ላባቸውን ጠረጉ።

«ከዚህ በኋላ እሳት የሚባል ነገር የለም። ዘይት እናጠጣዋለን፣ እንጠብቀዋለን፤ እምቢ ካለም መልሰን እናጠጣዋለን» አሉ።

ታሪኩን ከዚህ ለምትጀምሩ ላስታውሳችሁ። ያለነው ጣሊያን፣ ቱሪን ከተማ ዳር፣ ከአንድ አዛውንት ቤት ጀርባ ባለ ጋራዥ ውስጥ ነው። የምናድሰው ካሮ ቬሎቼ 33 የሚባለውን፣ ፊያትና አንሳልዶ የሠሩትን ትንሽ ታንክ ነው። ክብደቱ 3 ቶን ገደማ ቢሆን ነው፤ ከፍታው 1 ሜትር ከ30 ሳንቲሜትር አያልፍም። ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይቀመጡበታል፤ ተኳሹ በግራ፣ ሾፌሩ በቀኝ። ባለ 43 ፈረስ ጉልበት ሞተሩ ከኋላ ነው። የሰንሰለቱ የላይኛው ክፍል የሚንሸራተተው በእንጨት ላይ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እንጨቱ በስብሶ ስለነበር ጋሼ ከጠንካራ ግንድ በእጃቸው ጠርበው አዲስ ሠሩለት። እኔ ምህንድስና እየተማርኩ ነው፤ እንዲያ ያለ ጥንቃቄ ግን እስካሁን ክፍል ውስጥ ያስተማረኝ የለም።

ይህ ታንክ የሚዞር ማማ የለውም። መትረየሱ ከፊቱ ካለው ጠባብ ማዕዘን ውጭ መተኮስ አይችልም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ሽሬ ውስጥ፣ እንዳባጉና አካባቢ፣ የራስ እምሩ ወታደሮች ከኋላና ከጎን እየተጠጉ እላዩ ላይ መውጣት የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። ጋሼ ሥራውን ከመቀበላቸው በፊት ብዙ ሌሊት ያለ እንቅልፍ ያደሩትም ይህን ስለሚያውቁ ነው። አባታቸው አርበኛ ነበሩ።

ከሲኞሩ ጋር የማያስማማን አንድ ነገር ነበር። ሲኞሩ የታንኩ ገላ ላይ ያለው ጉድጓድና ጭረት ሁሉ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ተሞርዶና ተቀብቶ፣ ታንኩ ከፋብሪካ እንደወጣ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ከሁሉ አስቀድሞ እንዲደፈን ያዘዙት ደግሞ ጠርዙ የተሸረፈውን የሾፌሩን የማያ ቀዳዳ ነው።

«ዝገቱን እናነሣለን፤ ጠባሳውን ግን አንነካም» ይላሉ ጋሼ። «የተመታበትን ካጠፋን እድሳት አይባልም።»

እኔም ከጋሼ ጋር ነኝ። ዝገት የቸልተኝነት ውጤት ስለሆነ መጽዳት አለበት። ጠባሳው ግን ሰው ያደረገው ነገር ነው፤ ያንን በቀለም መሸፈን ምስክርን ማፈን ነው።

ብሎኑ በማግስቱ ተፈታ። ሌሊቱን ዘይት ጠጥቶ አድሮ ነበር። ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ አጥልቀን ሁለታችንም ተንጠለጠልንበት፤ አንድ ጊዜ ጮኸና ዞረ። ላሜራውን ስናነሣው ከሥሩ የደረቀ ግራሶና ጭቃ ተቆልሏል። ጋሼ እጃቸውን ሰድደው አንድ ድቡልቡል ነገር አወጡና በናፍጣ አጠቡት።

ጥይት አልነበረም፤ የጥይት እርሳስ ብቻ ነው። አፍንጫው ብረት መትቶ ተጨፍልቋል፤ መቀመጫው ግን እንደ ክቡ ነው።

በካሊፐር ለካሁት፤ 11 ሚሊሜትር። ከሲኞሩ ወጥ ቤት ሚዛን አምጥቼ መዘንኩት፤ 24 ግራም።

ጋሼ ለመናገር ጊዜ ወሰደባቸው። የጣሊያን እግረኛ ጠመንጃ 6.5 ሚሊሜትር ነው። የድሮው ቬተርሊ እንኳ 10.4 ነው። የታንኩም መትረየስ ቢሆን ከ8 ሚሊሜትር አይበልጥም።

«ውጅግራ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አባቴ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ውጅግራ ነበር። እርሳሱ ሙሉውን 25 ግራም ይመዝናል።»

ውጅግራ በ1874 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዮች የሠሩት ጠመንጃ ነው። አድዋ ላይ አባቶቻችን እጅ ነበር፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ጣሊያን ተመልሶ ሲመጣም ብዙ ዘማች የያዘው እሱኑ ነው።

ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የተሸረፈው የማያ ቀዳዳ ከቀኝ ዓይኔ ትይዩ ነው።

ሲኞሩ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ይህ ታንክ ከፒየሞንቴ ወጥቶ አያውቅም፤ አባቴ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ገዝቶት ነው» ሲሉን ኖረዋል። የአባታቸው ፎቶግራፍ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ወጣት ናቸው፤ ቀኝ ዓይናቸው በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። ሞተር ሳይክል ጥሏቸው ነው ተብለናል።

ጋሼም ፎቶውን እያዩ ነበር።

በዚህ መሐል ሲኞሩ ቡና ይዘው ገቡ። እርሳሱን ጋሼ መዳፍ ላይ አዩት። ስኒዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «የት አገኛችሁት?» አሉ። ጋሼ በእጃቸው ወለሉን አመለከቱ።

«ሥራው በቃ» አሉ ሲኞሩ። «ሒሳባችሁን ነገ እከፍላለሁ። እሱን ግን ስጡኝ።»

ጋሼ እርሳሱን ኪሳቸው ከተቱት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ሲኞሬ፤ መጀመሪያ የዚህ ታሪክ ይነገረኝ» ብለው ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ስንመለስ የጋራዡ በር በአዲስ ቁልፍ ተቆልፏል። በጎን መስኮት አጮልቀን አየን። ፎቶው ከግድግዳው ወርዷል። ታንኩም የለም።

ሞተሩ ገና አልተገጠመም፤ በራሱ ሊሄድ አይችልም። በሌሊት ማን ጭኖ እንደወሰደው ያየችው ጎረቤት የነገረችንን ሳምንት እነግራችኋለሁ።

(ይቀጥላል)