ማገዶን ስለ መምረጥና ዋጋን ስለ ማመዛዘን

ከእንጦጦ ተራራ ጀምሮ በየካ ኮረብቶች ላይ ተያይዞ የሚታየው ባሕር ዛፍ፤ ከመሪ እስከ ሾላ ገበያ ላሉት ሰፈሮች የማገዶ ምንጭ ሆኖ ኖሯል። ዛፉ ከአውስትራልያ መጥቶ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፤ በ1887 ዓ. ም. ገደማ መተከል የጀመረው በአዲስ አበባ ማገዶ ስላነሰ ነው። እዚህ ላይ የምንመረምረው ግን የዛፉን ታሪክ ሳይሆን፤ ገዢዋ ከብዙ ሸክሞች መካከል አንዱን የምትመርጥበትን መንገድ ነው።

ሸክም በሚዛን አይሸጥም። አንዲት ሴት በጀርባዋ ከተራራው የምታወርደው እስር ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል፤ ነገር ግን የሚከብደው እንጨቱ ይሁን ውሃው በዓይን አይለይም። ስለዚህ ገዢዋ ዋጋ ከመጠየቋ አስቀድማ ሁለት ፍልጥ አንሥታ ታጋጫለች፤ የደረቁ ድምፅ ጥርት ያለ ነው፤ የእርጥቡ ግን የታፈነ ነው። ወፍራሙ በውጭ፤ ጭራሮው በውስጥ ታስሮ እንደ ሆነም የእስሩን መካከል ትፈትሻለች። ለምጣድ ቶሎ የሚነድ ቅጠልና ጭራሮ ሲመረጥ፤ ለወጥ ፍም የሚይዝ ፍልጥ ወይም ከሰል ይፈለጋል። (የኤሌክትሪክ ምጣድ በገባበት ቤት እንኳ፤ መብራት በጠፋ ቀን ወደ ቅጠሉ መመለስ አይቀርም።)

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ይጀመራል። «እማማ፤ የመጨረሻውን ይንገሩኝ» ትላለች ገዢዋ። «አንቺ ጥሪው እንጂ፤ ልጄ» ትላለች ሻጭቱ። በመጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ እንደ ዋጋ ሳይሆን እንደ ጥያቄ የሚቆጠር ነው። በዋጋ አልስማማ ያሉትንም ብዙ ጊዜ የሚያስታርቃቸው ምርቃቱ ነው።

አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ክሊፎርድ ጊርዝ፤ በሞሮኮ በሰፍሩ ከተማ ያጠናውን ገበያ በ1978 እ. ኤ. አ. ሲያብራራ፤ ገዢ ብዙ ሻጮችን ዞሮ ከመጠየቅ ይልቅ ከአንዱ ጋር ጠልቆ መከራከር እንደሚያዋጣው ጽፏል። ዕቃው አንድ ዓይነት ባልሆነበት ገበያ የአሥር ሰው ዋጋ መስማት ብቻውን ብዙ አያስረዳምና። እኛ ደንበኛ የምንለው ግንኙነት ከዚህ የሚወለድ ይመስለኛል።

ሰዓቱም ዋጋ አለው። ጠዋት ሻጭቱ ሌላ ገዢ መጠበቅ ትችላለች፤ ሲመሽ ግን ሸክሙን ይዛ ዳገቱን መመለስ አይሆንላትም። ይህን የምታውቅ ገዢ እስኪመሽ ትቆያለች፤ እርስዋ የምታተርፈው ጥቂት ብር፤ ለሻጭቱ የቀን ሙሉ ድካም ዋጋ ነው። ደንበኛ የሆነችው ግን ምሽቱን ተመክታ ዋጋ አትሰብርም፤ ከሰበረች በማግሥቱ ደረቁ ሸክም በሌላ ሰው ደጅ ይራገፋል።