ነፃ ኮምፓይለር ስትመርጡ መጀመሪያ ኔቱን አጥፉት

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ «ኮዲንግ ለመጀመር የትኛውን ልጫን?» የሚለውን ነው። ኢንተርኔት ላይ መልስ ሞልቷል፤ አብዛኛው ግን መብራት ለማይጠፋበትና ኔት ለማይቆራረጥበት ሰው የተጻፈ ነው። ነቀምቴ፣ አኖ፣ ሲሬ ወይም ጊምቢ ተቀምጦ 4 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ለሚማር ልጅ መለኪያው ሌላ ነው።

እኔ ፕሮግራሙን በፍላሽ አምጥቼ፣ ኔቱን አጥፍቼ እጭነዋለሁ። በዚያው የመጀመሪያዋን ኮድ ጽፌ ራን ስለው ከሠራ አለፈ። ይኼ መለኪያ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ በ2012 ዓ.ም. ወለጋ ውስጥ ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ የተከፈተው መጋቢት ላይ ነበር። ያን ጊዜ መማር የቻለው የሚፈልገው ሁሉ አስቀድሞ ማሽኑ ላይ የነበረለት ነው።

ሲ++ የምትማሩ፣ ኮድ ብሎክስ የሚባለው የኮድ መጻፊያ ላይ ተጠንቀቁ። ማውረጃ ገጹ ላይ ስማቸው የሚመሳሰል ፋይሎች ተደርድረዋል። ዳታ ለመቆጠብ ትንሹን ታወርዳላችሁ፤ ይጫናል፣ ይከፈታል፣ ያጽፋል። ራን ስትሉት ግን ኮምፓይለር አላገኘሁም ይላችኋል፤ እውነትም አብሮት አልመጣም። የምትፈልጉት ስሙ ላይ «ሚንጂደብሊው» የሚል ያለበትን ነው። በ20.03 እትም ከትንሹ አራት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ግን አንዴ ወርዶ በፍላሽ ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃል። ቪኤስ ኮድም እንዲሁ ኮምፓይለር የለውም፤ ጀማሪ ብቻውን ሊያስተካክለው ሲሞክር ቀኑ ይመሽበታል። አንድ ነገሩን ግን እወድለታለሁ፦ ሴቭ ሳታደርጉ መብራት ቢጠፋም ስትመለሱ የጻፋችሁትን አብዛኛውን ጊዜ ያስቀምጥላችኋል።

ሁለተኛው መለኪያ፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ስትሳሳቱ የሚያናግራችሁ ቋንቋ ነው። ኪቦርዱን ከአማርኛ ሳትመልሱ ከመስመሩ መጨረሻ የእንግሊዝኛውን ሴሚኮለን ትታችሁ «፤» ብትጽፉ ምን ይፈጠራል? ከዚያው ከ20.03 ኮድ ብሎክስ ጋር የሚመጣው ኮምፓይለር፣ ጂሲሲ 8.1፣ ስለ አንዲቷ ምልክት ሦስት ስህተት ይደረድራል፦ 341፣ 215፣ 244 የሚባሉ «የባዘኑ» ነገሮች ፕሮግራሙ ውስጥ አሉ ይላል። ቁጥሮቹ «፤» በዩቲኤፍ-8 የምትቀመጥባቸው ሦስት ባይቶች ናቸው። ይኼንን የማያውቅ ልጅ ሦስት ስህተት ፍለጋ ይገባል፤ ኮዱን እንደገና ቢያነበውም ዓይኑ የሚያርፈው ትክክል በሚመስል መስመር ላይ ነው። ያንኑ ምልክት ለፓይተን 3.10 ስትሰጡት «፤»ን ራሷን ከነመለያ ቁጥሯ ጠቅሶ፣ ይቺ ፊደል እዚህ ቦታ አትሆንም ብሎ ያሳያችኋል። ቅንፍ ሳትዘጉ ብታልፉም የቱ ቅንፍ እንዳልተዘጋ ይነግራችኋል። ከ3.10 በፊት የነበሩት እትሞች ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በቀጣዩ መስመር ላይ ያላክኩት ነበር።

ሌላም አለ። በሲ++ የ«ሰላም»ን ርዝመት በስትሪንግ ብትጠይቁ 9 ይላችኋል፤ ባይት ስለሚቆጥር ነው። ፓይተን ግን ሦስት ይላል። በቁቤ የተጻፈ አፋን ኦሮሞ በዊንዶውስ ጥቁር መስኮት ላይ ያለ ችግር ሲወጣ፣ የግዕዝ ፊደል ግን ብዙ ጊዜ ሳጥን ወይም የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይመጣል። ጥፋቱ የእናንተ ኮድ እንዳይመስላችሁ። መስኮቱ ነው።

የማሽኑንም አቅም እዩ፦ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የአንድሮይድ ትምህርትም አለው። አንድሮይድ ስቱዲዮ ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ስለሚፈልግ በ4 ጊጋ ማሽን መከራ ነው። ከሥልጠናው የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ትምህርት ጀምሩ፤ ለዚያ ይኼን ያህል ራም አያስፈልግም።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ለጀማሪ ቶኒ ነው። ኢስቶንያ፣ ታርቱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለጀማሪ ተብሎ የተሠራ፣ ፓይተንን በሆዱ ይዞ የሚመጣ፣ ኮዱን መስመር በመስመር እያስኬደ የእያንዳንዱን ቫሪያብል ዋጋ ጎን ላይ የሚያሳይ ነው። ላፕቶፕ የሌላችሁ ፓይድሮይድ 3ን ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ ከተጫነ በኋላ ያለ ኔት ይሠራል።

ዊንዶውስ 7 ላይ ላላችሁ፦ ፓይተን ከ3.9 ጀምሮ አይጫንላችሁም፣ ስለዚህ እነዚያ ጥሩ የስህተት መልእክቶችም አይደርሷችሁም። ፓይተን 3.8.10ን ወይም በ3.8 የተዘጋጀውን ባለ 32 ቢት ቶኒ አውርዱ። ሰርቪስ ፓክ 1 መኖሩንም አስቀድማችሁ አረጋግጡ።