ልጅን ማጫወት እንጂ ማታለል አይገባም

ልጅ ባስቸገረ ጊዜ «ዋ! ሐኪሙ በመርፌ ይወጋሃል» ብሎ ማስፈራራት በብዙዎቻችን ቤት የቆየ ልማድ ነው። ያው ልጅ የታመመ እንደ ሆነ ደግሞ «ምንም አያምህም» እያልን ወደ ሐኪም ቤት እንወስደዋለን። መርፌው ሲያመው ሁለት ነገር ይማራል፤ ይኸውም ሐኪም የሚፈራ፥ የወላጅም ቃል የማይታመን መሆኑን ነው። እንዲህ ያለው ፍርሃት ካደገ በኋላ እንኳ ሳይለቀው ቀርቶ፥ በሚያስፈልገው ጊዜ ከሕክምና ሊያሸሸው ይችላል።

ከዚህ የሚሻለው መንገድ የልጁን አሳብ ከመርፌው ወደ ሌላ ነገር መመለስ ነው። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሊቃውንት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. እንደ ገለጹት፥ ከተወጋው ስፍራ የሚነሣው የሕመም ስሜት ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት በሕብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ በር ባለ ነገር ያልፋል፤ የሰውም አሳብ ይህን በር ሊያጠበው ወይም ሊያሰፋው ይችላል። የትምህርታቸው ዝርዝር ከዚያ ወዲህ ቢታረምም ዋናው ነገር ጸንቷል። መርፌውን እያየ በፍርሃት የሚጠብቅ ልጅ ሕመሙ ይበረታበታል፤ አሳቡ በሌላ ነገር የተያዘ ግን ይቀልለታል።

የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ክትባት ሕመም ባወጣው ጽሑፍ፥ ከ6 ዓመት በታች ያሉትን ልጆች በመጫወቻ፥ በሙዚቃ ወይም በጨዋታ አሳባቸውን መሳብ እንደሚገባ መክሯል። በሀገራችን ሕፃናት በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፥ ለኩፍኝም በ9ኛውና በ15ኛው ወር ይከተባሉ። ለሚጠባው ሕፃን በክትባቱ ጊዜ ወይም ጥቂት ቀደም ብሎ ጡት መስጠት ይረዳዋል። ከፍ ያለውን ግን እናቱ ወይም አባቱ በጭን ላይ ቀጥ አድርገው አቅፈው «እንቆቅልህ» ቢሉት፥ የሚወደውን ተረት ቢጀምሩለት፥ ወይም እንደ ሻማ እፍ እንዲል ቢያደርጉት መልካም ነው። ተረቱም መርፌው ከመቅረቡ በፊት ይጀመር፤ ልጁ ማልቀስ ከጀመረ በኋላ ጆሮውን ማግኘት ያስቸግራልና።

ሆኖም ማጫወት ሌላ፥ ማታለል ሌላ ነው። ከላይ የጠቀስነው ጽሑፍም የሐሰት ማጽናኛ እምነትን እንደሚያጠፋ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ልጁ የጠየቀን እንደ ሆነ፥ «ጥቂት ያምሃል፤ ቶሎም ያልፋል፤ እኔም ከአጠገብህ ነኝ» እንበለው፤ ከዚያም ወደ ጨዋታው እንመልሰው። በሕክምና ጊዜ እውነት የነገርነው ልጅ፥ በሌላው ነገር ሁሉ ቃላችንን ይቀበላል።